የወጋየሁ መጽሐፍ

ጣርማ በር ላይ ጋቢ ያስደረበ ብርድ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ወሬውም የለም። ሦስት ሺህ ሜትር ከሚያልፈው ከፍታ ተነስቶ በደብረ ሲና ቁልቁል እየተጠማዘዙ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር እንኳ ወደማይሞላው የይፋት ቆላ መውረድ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የመሻገር ያህል ነው። ጋቢው ታጥፎ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል፣ በግራና በቀኝ ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ማሾ ብቅ ብቅ ይላል። ሾፌሩ ደግሞ፣ ምን ታዝዞ እንደሆነ እንጃ፣ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል።

የወረድኩት ለሙት ዓመት ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ኑሮውን እንግሊዝ አገር ያደረገ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ እናቱን ሊዘክር መጥቶ «መምህር፣ ካልመጡ እቀየማለሁ» ስላለኝ ነው። ተማሪዬ ሳለ የሥነ ጽሑፍ ፈተና ላይ ከጥያቄው ይልቅ የራሱን ሐሳብ የሚመልስ፣ ማርክ ለመስጠትም ለመከልከልም የሚያስቸግር ልጅ ነበር። ድግሱ አልቆ፣ ሰዉ ሄዶ፣ ዳሱ ስር ጥቂት ዘመድና ጥቂት ጎረቤት ቀርተን ሳለ ከሻንጣው አንድ ክምር መጽሔት አወጣና ለእህቱ ልጅ ሰጠው። በስዕል የሚነገር ታሪክ ነው፤ ኮሚክ የሚሉት። ልጁ የመጀመሪያውን ገልጦ አንድ የራስ ቁር ያጠለቀ፣ ፊቱ የማይታይ፣ መንጋጋው ብቻ የሚታይ ሰው ሲያይ «ይሄ ማነው?» አለ። «ዳኛ ነው» አለው አጎቱ። «ራሱ ፖሊስ፣ ራሱ ዓቃቤ ሕግ፣ ራሱ ዳኛ።» ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት «እንዲህ ያለውስ እኛም ጋ ነበረ» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

የመጽሔቱ ስም «ቱ ታውዘንድ ኤ ዲ» ይባላል፤ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት እንደማለት ነው። በየሳምንቱ የሚወጣ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። የመጀመሪያው እትም ለንደን ላይ የወጣው በየካቲት 1969 (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1977) ነው። ያን ወር አዲስ አበባ እንዴት እንዳሳለፈችው ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስታወስ አያሻም፤ ጥር መጨረሻ ላይ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከነባልደረቦቻቸው ተገድለው ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ የገባበት ሰሞን ነው። የእንግሊዝ ልጆች በሳንቲም ገዝተው ስለ መጪው ዘመን ጨካኝ ዳኛ ማንበብ ሲጀምሩ እኛ መጪውን ዘመን ሳንጠብቅ ገብተንበት ነበር።

ተማሪዬ ግን ሊያወራ የፈለገው ስለ ዳኛው አይደለም። እዚያ አገር እነዚህን መጽሔቶች ለዓመታት የሚከታተሉ ሰዎች አሉ፤ ልጆች ሆነው ጀምረው ዛሬ ጸጉራቸው የሸበተ። እሱም አንድ ሁለቱን ያውቃቸዋል። ሲገናኙ የሚከራከሩት ማን አሸነፈ፣ ማን ሞተ በሚለው ብቻ አይደለም። «ታሪኩ የማን ነው?» በሚለውም ጭምር ነው። ይህን ሲለኝ የማስተማር አመሌ ተነሳብኝና እስኪ በዝርዝር ንገረኝ አልኩት። የነገረኝን ከዚያ ወዲህ እኔም አገላብጬ አንብቤዋለሁ።

መጽሔቱን ያወጣው አይ ፒ ሲ የተባለ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ደራሲው በገጽ ይከፈለዋል፣ ሠዓሊው በገጽ ይከፈለዋል፣ ከዚያ በኋላ ታሪኩም ገጸ ባሕርይውም የድርጅቱ ነው። ዳኛውን የፈጠሩት ጆን ዋግነር የተባለ ደራሲና ካርሎስ ኤዝኬራ የተባለ የስፔን ሠዓሊ ናቸው። ለፈጣሪዎቹ የተሻለ ድርሻ የሚሰጥ ውል ሊመጣ ነው ተብሎ ሳይሳካ ሲቀር ዋግነር ገና መጽሔቱ ሳይወጣ ጥሎ ሄደ። ኤዝኬራም የፈጠረው ሰው በሁለተኛው እትም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም በሌላ ሠዓሊ እጅ ተስሎ አየውና ተናዶ ሄደ። ልብ በሉ፤ ልጁ ሲወለድ አባትም እናትም ቤት የሉም። ደግነቱ ሁለቱም ኋላ ተመልሰዋል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ላይ የደራሲም የሠዓሊም ስም አይጻፍም ነበር። በኋላ ኬቨን ኦኒል የተባለ ሠዓሊ፣ እዚያው ዝግጅት ክፍል የሚሠራ፣ ስማቸውን የያዘች ትንሽ ሣጥን ገጹ ላይ ጨመረ። ሣጥኗ ውስጥ የሚጻፈው ግን ምን ነበር? «የጽሑፍ ሮቦት፦ እገሌ። የስዕል ሮቦት፦ እገሌ።» የመጽሔቱ አዘጋጅ ከሌላ ኮከብ የመጣ ፍጡር ነው፣ ጸሐፊዎቹ ደግሞ የሱ ሮቦቶች ናቸው የሚል ቀልድ ነው። አንባቢ ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ሳስበው ግን ቀልዱ ከውሉ ጋር ይስማማል። ሮቦት የሠራውን ዕቃ የኔ ነው ይላል እንዴ?

አለን ሙር የተባለው ዕውቁ ደራሲ ከሠዓሊው ከኢያን ጊብሰን ጋር ሆኖ ስለ አንዲት ተራ ሥራ አጥ ሴት ታሪክ ጀመረላቸው። ሄሎ ጆንስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 ሦስት መጻሕፍት ያህል ወጣ። በዕቅዱ ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ እስከ እርጅናዋ ሊወስዳት አስቦ ነበር። «መብቱ ለኛ ይመለስ» አለ፤ አሳታሚው እምቢ አለ፤ ደራሲውም ብዕሩን አስቀመጠ። ሴትዮዋ መንኮራኩሯ ውስጥ እንደተቀመጠች ቀረች። አንባቢዎቿ አርባ ዓመት ሊሆናቸው ነው ሲጠብቁ። አሳታሚው በሕግ ሙሉ ባለቤት ነው፤ ቀጣዩን ሊያወጣ ግን አልቻለም። ደራሲው ቀጣዩን ያውቀዋል፤ ሊያወጣው ግን መብት የለውም። መጽሔቱ ራሱ ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ባለሀብት ወደ ሌላው ተሽጧል፤ ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ ሬቤሊየን የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ይዞታል። ዳኛውም ሴትዮዋም አብረው ተላልፈዋል፤ ከነዕቃው እንደሚሸጥ ቤት።

ይህ የእንግሊዞች ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሱፐርማንን የፈጠሩት ሁለት ወጣቶች፣ ሲገልና ሹስተር፣ እ.ኤ.አ. በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ነው የሸጡት። ስማቸው ወደ ሥራቸው የተመለሰውና የጡረታ ገንዘብ የተቆረጠላቸው ሰማንያ ሊሆናቸው ጥቂት፣ ይቅርታ፣ ስድሳ ካለፋቸው በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975።

ይህን ሁሉ ስናወራ አዛውንቱ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። በወጣትነታቸው ሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ ላይ በዘበኝነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ተማሪዬ ሲጨርስ «የኛ ደግሞ የወጋየሁ መጽሐፍ ነበር» አሉ።

«የቱ መጽሐፍ አባባ?» አልኳቸው።

«እንዴ፣ የበዛብህና የሰብለ ነዋ! ፍቅር እስከ መቃብር።»

የሃያ ምናምን ዓመት መምህር ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። «እሱ እንኳ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበው ነው» አልኳቸው።

አዛውንቱ በትዕግሥት አዩኝ። «እሱንማ አውቃለሁ መምህር። ጽፈውታል። እርስዎ አንብበውት ይሆናል። እኔ ማንበብ አልችልም። ለኔ የነገረኝ ወጋየሁ ነው።»

እንግዲህ ይህን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ብዙው ሕዝብ ግን የተዋወቀው ኋላ፣ ያ ታላቅ ተዋናይ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በክፍል በክፍል ሲተርከው ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ከነዚያ አድማጮች አንዱ ነበርኩ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ድምፁ ቤታችንን ይሞላዋል። ጉዱ ካሣ ሲናገር እናቴ «ውይ፣ እውነቱን እኮ ነው» ትላለች። በኋላ መጽሐፉን ሳነበው፣ ዛሬም ሳነበው፣ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የራሴ ድምፅ አይደለም፤ የወጋየሁ ነው። አርባ ጊዜ ያስተማርኩት መጽሐፍ ነው፤ አሁንም በሱ ትንፋሽ ነው ነጠላ ሰረዙ ላይ የማርፈው።

አዛውንቱ እንደነገሩን እርሻው ላይ አንድ ሬዲዮ ነበረች፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ንብረት። ሰዓቱ ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይሰበሰባል። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አማርኛ በደንብ የሚሰማውም፣ እየተተረጎመለት የሚሰማውም። የዕለቱ ክፍል ሲያልቅ ክርክር ይጀመራል። ልጅቷ ትጠፋለች፣ አትጠፋም። ፊታውራሪው ይሞታሉ፣ አይሞቱም። ጸሐፊው ደግሞ መጽሐፉ አለው! አንብቦታል፤ መጨረሻውን ያውቃል። ሻይ ቢጋብዙት፣ ቢለምኑት፣ ቢያስፈራሩት አልተናገረም። «እንደሱ ያለ ጨካኝ ሰው አላየሁም» አሉ አዛውንቱ፤ እስከ ዛሬ ቂሙ አልወጣላቸውም። እኔ ግን ያንን ጸሐፊ ወደድኩት። ታሪክን አስቀድሞ መናገር ስርቆት መሆኑን ያለ አዋጅ የተረዳ ሰው ነው።

ሬዲዮኗን ይዛችሁ አሁን ቁጠሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ ጻፉት። ማተሚያ ቤቱ አተመው። ወጋየሁ ተረከው። ጣቢያው አሰራጨው። ጸሐፊው ባትሪ ገዛለት። ሠራተኛው ሲከራከርበት አደረ። ታሪኩ የማን ነው?

ሕጉ የሚለውን ቶሎ ብለን እንለፈው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ደራሲ ሥራውን በመፍጠሩ ብቻ ባለቤት እንደሚሆን ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ፍቅር እስከ መቃብር ሲታተም ሕግ አልነበረም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ሕጉ ነበረ፤ የጠፋው የሚጠይቅበት ሰው ነው። ራሱን የቻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ የወጣው በሐምሌ 1996 ነው። ለዚህም ካሴታቸው በየመንገዱ እየተቀዳ የሚሸጥባቸው ሙዚቀኞች ብዙ ጮኸዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። ስምንት ወር ቀደሙት። አዋጁ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ሃምሳ ዓመት የኢኮኖሚ መብቱን ይጠብቃል፤ በዚህ ስሌት እስከ 2046 ዓ.ም. የወራሾቻቸው ነው ማለት ነው። «ተዛማጅ» የሚለው ቃል ደግሞ ለነወጋየሁ የገባ ነው፦ ለተዋናዩ፣ ድምፁን ለቀዳው፣ ላሰራጨው ጣቢያ። ለአዛውንቱ የገባ ቃል ግን አዋጁ ውስጥ የለም።

አንዲት አንቀጽ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አዋጁ በቅጥር ላይ ያለ ሰው በሥራው ምክንያት የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤቱ ቀጣሪው ነው ይላል። ያ የለንደኑ የሮቦት ውል እኛም ጋ በሕግ አለ ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር በዓሉ ግርማ ይመጣብኛል። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ወደ አሥመራ የወረደው ለቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ በመንግሥት ሥራ ነው። ደመወዙ የመንግሥት፣ አበሉ የመንግሥት፣ ዘመቻው የመንግሥት። ከዚያ ይዞት የተመለሰው ግን «ኦሮማይ»ን ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ፤ በቀናት ውስጥ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ቀጣሪ የሠራተኛው ሥራ ባለቤት ነው ካልን መንግሥት የዚያ መጽሐፍ ባለቤት ለመሆን አንዳችም አልጎደለውም ነበር። ባለቤትነቱን አልፈለገውም እንጂ። መጽሐፉን መሰብሰብ ቻለ፣ ጸሐፊውን ማጥፋት ተቻለ፤ ታሪኩን ግን መልሶ ካዝና ውስጥ መክተት አልተቻለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኦሮማይ አሁንም የተከለከለ ነበር። ያነበብኩት ቅጂ ሽፋን የለውም፣ ከመሐሉ ገጾች ጎድለዋል፣ የጎደሉትን አንድ የማላውቀው ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ በእጁ ገልብጦ ሰክቶበታል። ለአንድ ሌሊት ነው የተሰጠኝ። ያ በሰማያዊ ቀለም የገለበጠ ሰው በሕግ ዓይን ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ያለፈቃድ አባዢ ነው። በሱ እጅ ባይሆን ኖሮ ግን ፊያሜታን እስከ መጨረሻው አልከተላትም ነበር። መጽሐፉ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ወጥቶ በዓለም መጻሕፍት መደብሮች ሲደረደር ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ እስክሪብቶ ነው።

ነቢይ መኰንንም አለ። ደርግ ባሰረው ጊዜ የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቁራጮች በሚፈቱ እስረኞች በኩል አስወጥቶ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሰጠን። (ከዚያ ትምባሆ ጥቂቱ ከዚሁ ከሮቢት እርሻ የበቀለ ይሆን? ብዬ አዛውንቱን ጠየቅኋቸው። «ከኛ ካልሆነ ከየት ሊሆን» አሉ በኩራት፤ እኔ ግን ልምልበት አልችልም።) ሚቼልና ባሏ በሕይወት ዘመናቸው መጽሐፏን ያለፈቃድ እየተረጎሙ ከሚያትሙ የውጭ አሳታሚዎች ጋር ለዓመታት ተሟግተዋል። እስር ቤት ሆኖ ለጓደኞቹ የሚተረጉም ሰው ግን ፈቃድ የሚጠይቀው በየትኛው ፖስታ ቤት ነው? የሚገርመው የያኔው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደራሲ ሥራውን ከመተርጎም ሊከለክል አይችልም፣ ያለፈቃዱ ከሆነ ተርጓሚው ይህንኑ ይግለጽ ብቻ ይል ነበር። ድሃ አገር የሌላውን መጽሐፍ የሚያገኘው እንዲህ ነው። አሜሪካም ድሃ ሳለች እንዲሁ ነበረች፤ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያ ሄዶ መጽሐፎቼን ያለክፍያ ታትማላችሁ ብሎ ቢናገር ጋዜጦቿ ተቆጡት። የበርን ስምምነት አባል የሆነችውም እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ሌላውን ሌባ ማለት ከጀመረች ብዙ ቆይታ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጀግኖች ነው። ስለ ራሴ ደግሞ ላውራ።

ሳስተምር በነበርኩበት ዘመን በየዓመቱ ለክፍሉ የአንድ በሕይወት ያለ ደራሲ ልብ ወለድ እመድብ ነበር። ተማሪ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ የራሴን ቅጂ ግቢው በር ላይ ላለው ፎቶ ኮፒ ቤት እሰጣለሁ፤ ስልሳ ተማሪ ስልሳ ቅጂ ያነሳል። ከሰባት ዓመት ባላነሰ ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ። አንድ ቀን ደራሲውን በአንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ አገኘሁት። እጄን ጨብጦ «መጽሐፌን ታስተምራለህ አሉ፤ ደስ ብሎኛል» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ስለ ድርሰቱ መዋቅር መለፍለፍ ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠብቆ «ከሦስት ሺው ቅጂ ሁለት ሺህ ያህሉ አሁንም መኝታ ቤቴ ነው። አልጋውን ከፍ አድርገን ከስር ነው የደረደርነው። ተማሪዎችህ ከየት ነው የሚገዙት?» አለኝ።

ምን ልበለው? ዝም አልኩ። በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ መልሴን ሳይጠብቅ ወሬ ለወጠ። በማግስቱ ሃያ ቅጂ ገዛሁት፤ በገንዘቡ ሳይሆን በእፍረቴ መጠን ነው የገዛሁት። ያ ሰው ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ አላሳተመም። በኔ ምክንያት ነው አልልም፤ አይደለም ለማለትም አልደፍርም። ያ ሰማያዊ እስክሪብቶና የኔ ፎቶ ኮፒ በአዋጁ ፊት አንድ ናቸው። በኔ ዘንድ ግን ለየቅል ናቸው። አንደኛው መጽሐፉ እንዳይሞት ነው የገለበጠው። እኔ የገለበጥኩት መጽሐፉ ከግቢው በር ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ፣ ባለቤቱ አልጋ ስር ተቀምጦ ሳለ ነው።

ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ነው። አዲስ መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ በስልክ ተነስቶ፣ ፒዲኤፍ ሆኖ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ትረካውም እንዲሁ፤ አንዱ ከሬዲዮ ቀድቶ ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል፣ ማስታወቂያው ይገባበታል፣ ሳንቲሙ ለጫነው ይሄዳል። ወጣት ደራሲዎች ሲያማርሩ እሰማለሁ። ደግሞም ዝም ብሎ ከማማረር ሌላ መንገድ የያዙ አሉ፦ በሥራት ደበበ የተባለው ወጣት ኤታን ኮሚክስን አቋቁሞ «ጀምበር» የተባለውን የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና በኮሚክ ማውጣት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው ያወጣው፤ በራሱ ድርጅት ስም። የለንደኖቹ ሮቦቶች ያላገኙት ነገር ይኸው ነው። ለተማሪዬ የእህት ልጅ ይህን ስነግረው «እሱስ ስንት ክፍል አለው?» አለኝ። የልጅ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ ማነው ባለቤቱ ሳይሆን፣ ቀጥሎ ምን ይሆናል።

ወደ ዳሱ ልመለስ። መሽቷል፣ ሙቀቱ ግን እንዳለ ነው። ልጁ ከስልኩ ላይ የወጋየሁን ትረካ ፈልጎ አገኘና «አባባ፣ ይኸው የእርስዎ» ብሎ ከፈተላቸው። ያ ድምፅ ወጣ። አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጁ መቼም የዘመኑ ልጅ ነው፤ ትዕግሥት የለውም፤ ወደ መጨረሻው ሊያዘልለው ጣቱን ሲያነሳ «ተው!» አሉት። «መጨረሻውን አልፈልግም።»

«ለምን አባባ? አልሰሙትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰምቼዋለሁ እንጂ። ያን ቀን መጋዘኑ ደጃፍ የነበረው ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሚስቴ ደግሞ ታማ ቤት ተኝታ ነበርና እኔ ነበርኩ በየጊዜው ሄጄ የምነግራት። የዚያን ቀን ቤት ስገባ፣ ‘በዛብህ ምን ሆነ?’ አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ‘ደረሰችለት። ቁስሉን አጠበችለት። ዳነ’ አልኳት። ከዚያም ጎጆ አወጣሁላቸው። ልጅ ወለዱ። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም የሚያውቁት እሱን ነው።»

ተማሪዬ ወደ እኔ ዞረ። በፈተና ወረቀት ላይ እንደሚያደርገው ያለ ፈገግታ ፊቱ ላይ አለ፤ ማርክ ስጥ ወይ ቀንስ የሚል። ለሃያ ምናምን ዓመት በዛብህ መንገድ ላይ ቆስሎ፣ ሰብለ ደርሳ፣ በእጇ ላይ እንደሞተ ሳስተምር ኖሬያለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍርድ ይህ ነው፤ ማንም ሊለውጠው አይገባም ስል ኖሬያለሁ። አሁንም እንደዚያው ነኝ፤ መጽሐፉን ለውጣችሁ ብታትሙት ከሳሾቻችሁ መሐል እቆማለሁ።

«ልጁን ምን አሉት?» አልኳቸው።

«ወንድ ነው» አሉኝ። «ካሣ ነው የተባለው። በአጎቷ ስም።»